ካርቶኑ ላይ «ፓርሻሊ ሃይድሮጂኔትድ» ይላል፤ የሚያውቅ ያስረዳኝ

ኬክ_ቤት_ሐዋሳ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ ኬክ ቤት አለኝ። ሚልፎኝ፣ ቦምቦሊኖ፣ ብስኩትና የልደት ኬክ እንሠራለን። ለሊጡም ለክሬሙም የምጠቀምበትን የአትክልት ቅቤ ላለፉት ስድስት ዓመታት የወሰድኩት ከአንድ አከፋፋይ ነው፤ ባለ 15 ኪሎ ካርቶን።

ባለፈው ቅዳሜ ከውጭ አገር የመጣች አንዲት እህት ኬክ ልታዝ ገብታ፣ ባንኮኒው አጠገብ የነበረውን ካርቶን አየችና ጽሑፉን አንብባ «ይሄንን ነው ለልጆች የምትሰጡት?» አለችኝ። ደነገጥኩ። እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ቀን ድረስ ጽሑፉን አንብቤው አላውቅም። በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ነው የተጻፈው፤ «ፓርሻሊ ሃይድሮጂኔትድ ቬጂተብል ኦይል» ይላል። መጋዘን ውስጥ አራት ካርቶን አለኝ። የገዛ ልጆቼም ከዚያ ኬክ ይበላሉ።

ዘይቱን ምን አድርገውት ነው እንዲህ የረጋው? መጣል አለብኝ ወይስ ሴትየዋ አጋንናው ነው?

ተማሪ_ባሕርዳር
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡32

የረጋ ዘይት ሁሉ ያው ነው ወንድሜ። ከሸማቾች የምንገዛው ዘይት ጠዋት ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ሲረጋ አላየህም? እሱም ሃይድሮጂን ገብቶበት ነው። ልብ ላይም እንደዚያው ነው የሚረጋው። ኑግ ተጠቀም።

የዘይት_መሐንዲስ_ጅዳ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡05

ወንድሜ ኬክ ቤት፣ መልሴ ስለሚረዝም ታገሰኝ። ጅዳ ውስጥ በምግብ ዘይት ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ ውስጥ አራቱን ዓመት የቆየሁት ሃይድሮጂኔሽን ክፍል ነው፤ ስለዚህ የምነግርህ በእጄ የነካሁትን ነው።

መጀመሪያ ተማሪ ያለውን ላቃና። የፓልም ዘይት በኅዳር ጠዋት ጀሪካን ውስጥ የሚረጋው ሃይድሮጂን ስለገባበት አይደለም። ፓልም ከፍሬው ሲጨመቅ ጀምሮ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው፣ በሃይድሮጂን የጠገበ ስብ ነው። የሚቀልጠው ከ33 እስከ 39 ዲግሪ ባለው ውስጥ ስለሆነ በብርድ መርጋቱ ባሕርዩ ነው። ቅቤም ይረጋል፣ ሞራም ይረጋል፤ ፋብሪካ የነካቸው የለም። ፓልም ሲበዛ የራሱ ጣጣ አለው፣ ግን ካንተ ካርቶን ጋር አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ዘይቱ። የዘይት ሞለኪውል ሦስት ረጃጅም ጅራት አለው በል። ጅራቶቹ ፋቲ አሲድ ይባላሉ፤ የካርቦን ሰንሰለት ናቸው። ሰንሰለቱ ላይ አንዳንድ ቦታ ሁለት ካርቦኖች በድርብ ይያያዛሉ፣ እዚያ ላይ ጅራቱ እንደ ክርን ይታጠፋል። ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ አጣና ብትከምር ጥቅጥቅ ብሎ ይደረደራል። የተጣመመ የግራር ቅርንጫፍ ብትከምር ግን መሃል ለመሃል ሁሉ ክፍተት ነው። ስብ የሚረጋው ጅራቶቹ እንደ አጣናው ሲደረደሩ ነው። ኑግ፣ ሱፍና አኩሪ አተር የማይረጉት እጥፋት ስለበዛባቸው ነው። የኛ ኑግ ከአሥር ጅራቱ ሰባት ያህሉ ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ድርብ አለበት። ሲቆይ ቶሎ ጠረኑ የሚለወጠውም በዚያው ነው፤ አየር የሚገባው በድርቡ በኩል ነውና።

ሃይድሮጂኔሽን ማለት ድርቡ ቦታ ላይ ሃይድሮጂን አስገብቶ እጥፋቱን ማቃናት ነው። ዘይትና ሃይድሮጂን ብቻቸውን ቢገናኙ ግን ምንም አይሆኑም፤ የሚያገናኛቸው ኒኬል ነው። ኒኬሉ በጣም የላመ ስለሆነ ባዶውን አየር ቢያገኘው ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ ፋብሪካ የሚደርሰው በጠንካራ ስብ ተለብጦ፣ እንደ ጥቁር ጠብታ ሆኖ ነው። ዘይቱን ኦቶክሌቭ በሚባለው ግፊት የሚችል ዝግ ጋን ውስጥ አስገብተን አየሩን በቫኪዩም እናወጣለን፣ ወደ 150 ዲግሪ እናሞቀዋለን፣ ከዚያ ኒኬሉን እንጨምራለን። ወርቅ የመሰለው ዘይት በአንድ ጊዜ እንደ ቀለም ይጠቁራል። ሃይድሮጂኑ ከሥር ይለቀቃል፣ ማማሰያው ይዞራል። ከዚያ ወዲያ ማሞቂያ አያስፈልግም፤ ዘይቱ ራሱ መሞቅ ይጀምራል።

የሥራችን መለኪያ የአዮዲን ቁጥር ይባላል፤ ስንት ድርብ እንደቀረ የሚናገር ቁጥር ነው። አኩሪ አተር ሲገባ ወደ 130 ነው። ቁጥሩ በ1 ሲወርድ የዘይቱ ሙቀት በ1.6 ወይም በ1.7 ዲግሪ ይጨምራል፣ ለአንድ ቶን ዘይት ደግሞ ወደ 0.9 ሜትር ኩብ ሃይድሮጂን ይበላል። ከ130 ወደ 70 ብታወርደው፣ ማቀዝቀዣ ባይኖር 100 ዲግሪ ያህል በላዩ ተጨመረ ማለት ነው። አንድ ሌሊት የማቀዝቀዣው ውሃ ግፊት ቀንሶብን፣ ሙቀቱ ከ190 አልፎ ሲወጣ ሃይድሮጂኑን ዘግቼ ማማሰያውን ያቆምኩበትን ደቂቃ እስካሁን አልረሳውም።

በየመሃሉ ናሙና እየቀዳን፣ ዘይቱ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጥፍ በሚለካው ሬፍራክቶሜትር እናያለን። የተፈለገው ላይ ሲደርስ ሃይድሮጂኑ ይዘጋል፣ ዘይቱ ቀዝቀዝ ይልና በፊልተር ፕረስ ያልፋል። በዚህ በኩል ጥቁሩ ይገባል፣ በዚያ በኩል ጥርት ያለው ይወጣል። ብርጭቆ ውስጥ ቀድቼ ትቼው፣ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ እንደ ሻማ ነጥቶ ረግቶ አገኘዋለሁ። ሁልጊዜ ይደንቀኝ ነበር።

ያንተ ጥያቄ ያለው «የተፈለገው ላይ ሲደርስ» የሚለው ጋ ነው። እስከ መጨረሻ ካልሄድክ፣ መንገድ ላይ ካቆምከው፣ «ፓርሻሊ» ማለት እሱ ነው። ኒኬሉ አንዳንዱን ጅራት ይይዝና ሃይድሮጂኑን አሟልቶ ሳይሰጠው መልሶ ይለቀዋል። ጅራቱ ድርቡን እንደገና ይሠራል፤ ግን ዞሮ ነው የሚሠራው። ድርቡ አለ፣ እጥፋቱ የለም። ትራንስ የሚባለው ይህ ነው። ኦሌይክ አሲድ፣ የወይራ ዘይት ውስጥ የሞላው፣ ወደ 13 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ያው ኦሌይክ ዞሮ ትራንስ ሲሆን ኤላይዲክ ይባላል፤ በውስጡ ያሉት አተሞች አንድ ሳይጨመር አንድ ሳይቀነስ 44 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ረግቶ ይቆያል። እስከ መጨረሻ ሃይድሮጂን የገባበት ስቴአሪክ ደግሞ ወደ 70 ዲግሪ ይጠጋል።

ፓርሻሊ የሆነ ዘይት ውስጥ ከ25 እስከ 45 በመቶ ትራንስ ሊኖር ይችላል። «ፉሊ»፣ ሙሉ በሙሉ፣ ከሆነ ድርብ ስለማይቀር ትራንስም ከሞላ ጎደል አይኖርም፤ ግን ድርቅ ያለ ስለሚሆን ብቻውን ለሊጥ አይሆንም፣ ከፈሳሽ ዘይት ጋር ይቀላቀላል። እና ሴትየዋ አላጋነነችም። ካርቶኑ ላይ ያለው ቃል «ፓርሻሊ» ከሆነ ለሰው ምግብ አታውለው።

ነርስ_ደሴ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡20

መሐንዲስ እናመሰግናለን። እኔ በአካል ላይ የሚያደርገውን ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1990 ሜንሲንክና ካታን የሚባሉ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎችን ትራንስ የበዛበት ምግብ እየመገቡ ደማቸውን መረመሩ። መጥፎው ኮሌስትሮል ኤልዲኤል ወጣ፣ ጥሩው ኤችዲኤል ደግሞ ወረደ። ሳቹሬትድ ስብ ኤልዲኤልን ያወጣል እንጂ ኤችዲኤልን እንዲህ አያወርድም። ትራንስ በሁለት በኩል ነው የሚመታው።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከቀን ምግባችን ጉልበት ከ1 በመቶ በታች እንዲሆን ነው። 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 2.2 ግራም ማለት ነው። አሁን መሐንዲስ ባለው ቁጥር አስሉት፤ 10 ግራም የአትክልት ቅቤ ያለበት አንድ ቁራሽ ኬክ ብቻውን የቀኑን ሊጨርስ ወይም ሊያልፍ ይችላል። ልጅ ከሆነማ ቶሎ ነው የሚያልፈው።

ተማሪ፣ «ልብ ላይ እንደዚያው ይረጋል» ያልከው ግን ልክ አይደለም። ሰውነታችን 37 ዲግሪ ነው፣ የምንበላው ስብም ጀሪካን ውስጥ እንደነበረው ሆኖ ደም ውስጥ አይገባም። ሕመምተኞቼም እንዲህ ይሉኛል፤ ፓልም ትተው ብስኩትና ማርጋሪን ይገዛሉ። የምፈራው ይህንን ነው።

ኬክ_ቤት_ሐዋሳ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡48

ትምህርት ቤት የተማርኩት ኬሚስትሪ ዛሬ ገባኝ። አንድ ጥያቄ፦ ታዲያ የላም ቅቤስ? ወደ እሱ ልመለስ ወይ? ዋጋው አይቀመስም እንጂ።

የዘይት_መሐንዲስ_ጅዳ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30

የላም ቅቤ ውስጥም ትራንስ አለ፤ ጥቂት ነው፣ ከስቡ ከ2 እስከ 5 በመቶ አካባቢ። ላሟ የምትበላው ሣር ውስጥ ያለው ስብ ድርብ የበዛበት ነው፤ ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ሃይድሮጂን እያስገቡ ያቃኑታል። እኔ በኒኬልና በ150 ዲግሪ የምሠራውን እነሱ በሰውነቷ ሙቀት ይሠሩታል። ሁሉንም ስለማይጨርሱት ትንሽ ትራንስ ይተርፋል። ሣር የበላች ላም ቅቤዋ መርጋቱም በዚህ ነው።

ሸኖ_ቅቤ_ተራ
ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡15

ቅቤ ከተነሳ እኔም የምለው አለኝ። አባቴም እኔም በቅቤ ንግድ ነው ያደግነው። የአትክልት ቅቤ ከላም ቅቤ ጋር እየተቀላቀለ ገበያ እንደሚወጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሙዝም የሚቀላቅል አለ፤ ሙዙ በመዳፍ ሲታሽ ይታወቃል። ይሄ የፋብሪካው ስብ ግን ከለጋ ቅቤ ጋር ተመቶ፣ ትንሽ የበሰለ ቅቤ ለሽታ ከገባበት እኔም እሳሳታለሁ። ባለፈው ዓመት 40 ኪሎ ገዝቼ ሲነጠር አረፋው ቶሎ ጠፋ፣ አተላውም እፍኝ አልሞላም። ደንበኞቼን አሳዘንኩ። መለያ መንገድ የለውም ወይ መሐንዲስ?

የዘይት_መሐንዲስ_ጅዳ
ረቡዕ፣ ቀን 6፡40

ያጋጠመህ ያሳዝናል። ቤት ውስጥ በዓይንና በምላስ ተማምኖ የሚለይበት መንገድ አልነግርህም፤ ላቦራቶሪ ግን ፋቲ አሲዶቹን አንድ በአንድ በሚነጣጥለው ጋዝ ክሮማቶግራፊ ይለየዋል።

ሕንዶች ግን ጥሩ ብልሃት ነበራቸው። እነሱ አገር ሃይድሮጂን የገባበት የአትክልት ቅቤ ቫናስፓቲ ይባላል። ዳልዳ የሚባለው ስም እ.ኤ.አ. በ1937 ገበያ ከገባ በኋላ ቃሉ ራሱ የዕቃው ስም እስኪሆን ድረስ ተስፋፋ፤ ከላም ቅቤ ጋር መቀላቀሉም አብሮ መጣ። መንግሥት በቫናስፓቲ ውስጥ 5 በመቶ የሰሊጥ ዘይት እንዲገባ በሕግ አስገደደ። ለምን ሰሊጥ? ሰሊጥ በሃይድሮክሎሪክ አሲድና ፈርፈራል በሚባል ኬሚካል ሲመረመር ቀይ ቀለም ያወጣል። የላም ቅቤ አያወጣም። ቅቤ ነው የተባለው ከቀላ፣ ቫናስፓቲ ገብቶበታል።

የሁመራና የመተማ ሰሊጥ ያለን እኛ ይህንን ብናስብበት እላለሁ። ፋብሪካ ላይ ጥቂት ሰሊጥ ይጨመራል፣ ገበያ ላይ በአንድ የመስታወት ቱቦ ይመረመራል። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

ሸኖ_ቅቤ_ተራ
ረቡዕ፣ ቀን 7፡02

ይሄ ነገር ለሚመለከተው ሰው መድረስ አለበት። ዕድሜ ይስጥህ።

ሰላም_ሜሪላንድ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡15

እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ፓርሻሊ ሃይድሮጂኔትድ ዘይት «ለምግብ ደኅንነቱ የታወቀ ነው» ከሚባለው ወገን አወጣው፣ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ አምራቾች እንዳይጨምሩት ሆነ። ከዚያ በፊት ግን ማሸጊያው ላይ «ትራንስ ፋት 0 ግራም» የሚል እናነብ ነበር፤ በአንድ ጊዜ መመገቢያ ከ0.5 ግራም በታች ከሆነ 0 ብሎ መጻፍ ይፈቀድ ነበርና። መመገቢያውን አሳንሶ መጻፍ ነው። አራት ብስኩት የበላ ልጅ አራት ጊዜ «0» በላ። እና ወንድሜ፣ ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን ጽሑፍ ተወው፤ ከጀርባ ያለውን ትንሹን የይዘት ዝርዝር አንብብ።

አንድ ሰው ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። ፍሬድ ኩምሮው የሚባሉ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ስለ ትራንስ ጉዳት መጻፍ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። የሚሰማቸው አጥተው በ2009 አቤቱታ አስገቡ፣ መልስ ሲያጡ በ2013 ክስ መሠረቱ። ውሳኔው ሲመጣ የ100 ዓመት አዛውንት ነበሩ።

ዴንማርክ ቀድማ በ2003 ከስቡ 2 በመቶ እንዳይበልጥ ብላ ወስናለች። አውሮፓ ኅብረት ያንኑ ልክ ከ2021 ጀምሮ አጸና።

ከሪያድ
ረቡዕ፣ ማታ 4፡00

ዐረብኛውን ለማንበብ፦ «ሙሀድረጅ» የሚል ቃል ፈልግ፤ ሃይድሮጂን የገባበት ማለት ነው። ከጎኑ «ጁዝኢየን» ካለ በከፊል፣ ፓርሻሊ ማለት ነው። እዚህ ሳውዲ ፓርሻሊው እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ተከልክሏል። በ2024 መጀመሪያ የዓለም ጤና ድርጅት ትራንስን በማስወገድ ማረጋገጫ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ አምስት አገሮች አንዷ ናት።

እናት_ነታንያ
ረቡዕ፣ ማታ 4፡25

የእስራኤል ዕቃ ለሚደርሳችሁ ደግሞ ቃሉ «ሙቅሼ» ነው፤ እንዲረጋ የተደረገ ማለት ነው። እናቴ ፊደሉን ስለማታነብ ቃሉን በወረቀት ጽፌላት በቦርሳዋ ይዛ ትዞራለች፣ ሱቅ ውስጥ እያመሳሰለች ታያለች።

ጋራዥ_ቃሊቲ
ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡50

ሃይድሮጂኔሽን መጥፎ ነገር ነው ማለት ነው በአጭሩ? ፋብሪካዎቹ ይዘጉ ታዲያ።

የዘይት_መሐንዲስ_ጅዳ
ሐሙስ፣ ከሰዓት 9፡10

አይደለም ወንድሜ። እጅህ ላይ ያለውን ግሪስ ተመልከት። ብዙውን መኪና የምትቀባው ሊቲየም ግሪስ ከሚሠራባቸው ነገሮች ዋነኛው የጉሎ ዘይት ነው፤ ያ በየጓሮው የሚበቅለው ጉሎ። ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ሃይድሮጂን ሲገባበት እንደ ሰም ይሆናል፣ የሚቀልጠው ወደ 86 ዲግሪ ነው። የሱን ፋቲ አሲድ ከሊቲየም ጋር አዋሕደው የሠሩትን ሳሙና ነው የማለስለሻ ዘይቱን የሚያወፍሩበት። የመንኮራኩር ቤሪንግ ሲግል ግሪሱ ቀልጦ የማይፈሰው በዚህ ነው።

ጎማህም ውስጥ አለ። ላስቲክ በድኝ ሲበስል ስቴአሪክ አሲድና ዚንክ ኦክሳይድ ይገቡበታል። የሻምፑ አረፋ፣ የእጅ ክሬም ውፍረት፣ ሻማ፤ ብዙዎቹ በዚህ መንገድ አልፈው ነው የሚመጡት። ለሻምፑው ግፊቱ ከ200 ባር በላይ ይወጣል፣ በኒኬል ፈንታም መዳብ ያለበት ካታሊስት ነው፤ ፋቲ አልኮል የሚባለውን ያወጣሉ። ፊንላንድ ፖርቮ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ከአትክልት ዘይትና ከእንስሳት ስብ በሃይድሮጂን ናፍጣ ይሠራሉ፤ ኦክስጅኑ ሁሉ ይወጣለታል፣ ማንኛውም ዲዝል መኪና ይነዳበታል። እኔ የሠራሁበትን ሙያ አላፍርበትም። የማዝንበት ለሻማና ለሳሙና ልክ የነበረው ነገር መንገድ ላይ ቆሞ ሕፃናት ሳህን ላይ መቅረቡ ነው።

ሳሙና_ሠሪ_አዳማ
ሐሙስ፣ ማታ 1፡30

ልጄ መሐንዲስ ሳሙና ስላነሳህ ገባሁ። ሠላሳ ዓመት ሳሙና ሠርቻለሁ። ነገሩ የተጀመረው ለኛ ሥራ ነው። ሳባቲዬ የሚባል ፈረንሳዊ ከባልደረባው ከሳንደራን ጋር ሃይድሮጂንና ኒኬል በጋዝ ላይ እንደሚሠራ አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ኖቤል አግኝቶበታል። ፈሳሽ ዘይት ላይ በ1901 ያዋለው ግን ኖርማን የሚባል ጀርመናዊ ነው፣ ሄርፎርድ ከተማ። ፓተንቱን በ1902 ያዘ፤ በኋላ ዋሪንግተን ያለው የእንግሊዙ ክሮስፊልድ የሳሙና ፋብሪካ ገዛው።

ለምን ሳሙና ሠሪዎች? ጠንካራ ሳሙና ጠንካራ ስብ ይፈልጋል። በኑግ ዘይት ብቻ ሳሙና ሥሩ፤ እንደ ሊጥ ልምሾ ይሆናል፣ ውሃ ሲነካው ያልቃል። እኛ ሞራ እየጨመርን ነበር የምናጠነክረው። ሞራ ሲወደድ ግን ዘይቱን ራሱን ሞራ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ኖርማን ያመጣው ይህንን ነው። አሜሪካኖቹ ፕሮክተርና ጋምብል ሳሙናና ሻማ ሠሪዎች ነበሩ፤ የጥጥ ፍሬ ዘይትን አርግተው በ1911 ክሪስኮ ብለው ለወጥ ቤት ሸጡት። ወደ ሳህን የተሻገረው በዚያ ነው።

አሳ ነባሪውም የጠፋው በዚሁ ነው። ዘይቱ ፈሳሽና የሚከረፋ ስለነበር ለምግብ አይፈለግም ነበር። ሃይድሮጂን ሲገባበት ሽታው ጠፋ፣ ረጋ፤ አውሮፓ ማርጋሪን አደረገው። በ1930 እና 1931 መካከል ባለው አንድ የአደን ወቅት ብቻ በአንታርክቲካ ባሕር ከ29,000 በላይ ሰማያዊ አሳ ነባሪ ተገደለ። ይህንን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴን ያመኛል።

ኬክ_ቤት_ሐዋሳ
ዓርብ፣ ጠዋት 3፡00

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ትናንት አከፋፋዩ ጋ ሄጄ ያለውን ዓይነት ሁሉ ጀርባውን እያነበብኩ አየሁ። «ጁዝኢየን» ያለበትን ሦስት ዓይነት አገኘሁ። አንዱ ግን የፓልም ዘይትና የፓልም ስቴሪን ብቻ ይላል፣ ሃይድሮጂን የሚል ቃል የለበትም። እሱን አንድ ካርቶን ወስጄ ዛሬ ሌሊት ሚልፎኝ ሞከርኩ። ሊጡ ሲጠቀለል ስቡ እየተሰነጣጠቀ አስቸገረኝ፣ ድሮ እንደ ጨርቅ ነበር የሚታጠፈው። ምን ላድርግ? አራቱን ካርቶን ደግሞ ጓሮ ልቀብረው ነው።

የዘይት_መሐንዲስ_ጅዳ
ዓርብ፣ ጠዋት 4፡15

የተሰነጣጠቀው ስለቀዘቀዘ ነው። ፓርሻሊው ሰፊ በሆነ ሙቀት ውስጥ እንደ ጭቃ ይታዘዛል፤ ለዚህ ነበር ጋጋሪዎች የወደዱት። ፓልሙ ጠባብ ነው። ከመጋዘን ቀጥታ አታውጣው፤ ሊጡና ስቡ 20 ዲግሪ አካባቢ ሆነው ይገናኙ፣ ስቡን መጀመሪያ በመዳመጫ ምታው። በየጥቅሉ መሃል ሃያ ደቂቃ አሳርፈው።

ሳሙና_ሠሪ_አዳማ
ዓርብ፣ ጠዋት 4፡40

እንዳትቀብረው ልጄ! 60 ኪሎ ጥሩ የሳሙና ስብ ነው። የይዘት ዝርዝሩ ላይ ውሃ የሚል ካለ ማርጋሪን ነው፤ አቅልጠህ አስቀምጠው፣ ውሃው ከሥር ሲቀር ስቡን ለይ። ለ1 ኪሎ ስብ 130 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ይበቃል፣ በ300 ግራም ውሃ። ሶዳውን ወደ ውሃ ጨምር፤ ውሃውን ሶዳ ላይ ካፈሰስክ ፊትህ ላይ ይፈነዳል። ዓይንህን ሸፍን፣ የአሉሚኒየም ድስት አትጠቀም፣ ልጆች አይጠጉ። በእንጨት አማስለህ እንደ ገንፎ ሲወፍር ሳጥን ውስጥ ጨምረው። በሁለተኛው ቀን ቆርጠህ አንድ ወር አድርቀው። ከጠየቅኸኝ ግን መጀመሪያ በ1 ኪሎ ሞክርና ውጤቱን እዚሁ ጻፍልኝ።

ኬክ_ቤት_ሐዋሳ
ዓርብ፣ ጠዋት 4፡52

እሺ ጋሼ፣ እሑድ ኬክ ቤቱ ሲዘጋ ከባለቤቴ ጋር እንጀምራለን። 130 ግራም ሶዳ፣ 300 ግራም ውሃ፣ ሶዳው ወደ ውሃ። ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ።